ሶዶ ላይ ኤሌክትሪክ የሚመነዝረው መሐንዲስ

ወደ ኬንያ የሚሸጠው ኃይል በማን እጅ ያልፋል? ሥራውስ ምንድን ነው?

የወላይታ ሶዶ የደረቀ ዝንጅብል ነጋዴ ዋጋ ሲወርድበት መጋዘኑን ቆልፎ ቀን እስኪወጣለት ይታገሣል። ቡና ላኪም መርከብ ሲዘገይበት ጆንያውን ደርድሮ ይጠብቃል። ከዚያችው ከተማ ወደ ጎረቤት አገር የሚላክ፣ በዶላር የሚሸጥ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የማያውቅ ሌላ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ነው። ውሃው በግድብ ሊጠራቀም ይችላል። ከውሃው የወጣው ኤሌክትሪክ ግን በተመረተበት ቅጽበት ገዥ ዘንድ ካልደረሰ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ኢትዮጵያና ኬንያ በሐምሌ 2014 ዓ.ም የ25 ዓመት የኃይል ሽያጭ ውል ተፈራርመው፣ ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም ተጀምሯል። ውሉ የሚለው ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ለቀሪዎቹ 22 ዓመታት ደግሞ 400 ሜጋ ዋት እንዲቀርብ ሲሆን፣ ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ሽያጭ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ግድቦች ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይሁን እንጂ ግድብ እርሻ ነው። ምርቱን ተረክቦ ለውጭ ገበያ በሚሆን መልክ አዘጋጅቶ የሚያስረክበው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው የኮንቨርተር ጣቢያ መሐንዲስ ይባላል። ከአገሪቱ የኃይል ንግድ ውስጥ እንደ እርሱ ሥራ ለሕዝብ ያልተነገረ ሙያ ጥቂት ነው።

የመስመሩ አነሳስ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለው ሱስዋ የሚዘልቀው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከዚህ ውስጥ 433 ኪሎ ሜትሩ በኢትዮጵያ፣ 612 ኪሎ ሜትሩ በኬንያ ምድር ያልፋል። የተሠራው እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ሲሆን፣ ለመላው ፕሮጀክት 1.26 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ተገምቶለት ነበር። የዓለም ባንክ በ2004 ዓ.ም 684 ሚሊዮን ዶላር፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2005 ዓ.ም 338 ሚሊዮን ዶላር ፈቅደውለታል። በሁለቱም ጫፎች ያሉትን የኮንቨርተር ጣቢያዎች መሣሪያ ያቀረበው የጀርመኑ ሲመንስ ኩባንያ ነው።

ሶዶ ለዚህ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ለጊቤ ሦስት ቅርብ ከመሆኗም በላይ፣ ከግድቡ የሚመጣውና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚገናኝባት ናት። ነጋዴ እንደሚለው መንገድ የሚገጥምበት ቦታ ገበያ ይቆማል።

ምንዛሪ ለምን አስፈለገ?

በየቤቱና በየፋብሪካው የሚገባው ኤሌክትሪክ ኤሲ ወይም ተለዋዋጭ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነቱ ኃይል በሽቦው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም። በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደርሶ መልስ ያደርጋል። ሁለተኛው ዓይነት ዲሲ ወይም ቀጥተኛ ይባላል፤ ልክ እንደ መኪና ባትሪ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል።

ተለዋዋጩ ኃይል ቮልቴጁን በትራንስፎርመር በቀላሉ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ለአገር ውስጥ ሥርጭት ተመራጭ ሆኗል። መንገዱ ሲረዝም ግን ችግር ያመጣል። በየሴኮንዱ 50 ጊዜ ሲመላለስ መስመሩን ራሱን ለመሙላትና ለማራገፍ የሚባክነው አቅም ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። በአየር ላይ በተዘረጋ መስመር ርቀቱ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ በሁለቱም ጫፍ ውድ የመቀየሪያ ጣቢያ ገንብቶም ቢሆን በዲሲ መላክ እንደሚያዋጣ የመስኩ ባለሙያዎች ያሰላሉ። ዲሲ ሦስት የሽቦ ረድፍ አያስፈልገውም፤ ሁለት ይበቃዋል። በመሆኑም ምሰሶው ይቀልላል፤ የሚወስደው መሬትም ይጠብባል።

ሁለተኛው ምክንያት ለንግድ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። ኢትዮጵያም ኬንያም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ቢጠቀሙም ሁለቱ እኩል አይረግጡም። ሁለት የሰልፈኛ ቡድኖች በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየሄዱ፣ የአንዱ ቀኝ እግር ሲነሳ የሌላው ግራ ሊነሳ ይችላል። በቀጥታ ቢያያዙ ይጠላለፋሉ። መካከላቸው ዲሲ ሲገባ ግን እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ እየሄደ ሸቀጡን ብቻ ይለዋወጣል።

ሁኔታው ከገንዘብ ምንዛሪ ጋር ይመሳሰላል። ብር ይዞ ናይሮቢ የሚወርድ ነጋዴ ብሩን ወደ ዶላር፣ ዶላሩን ወደ ሽልንግ ይመነዝራል። የሶዶው ጣቢያ የኢትዮጵያን ኤሲ ወደ ዲሲ ይመነዝራል፤ የሱስዋው ደግሞ ዲሲውን ወደ ኬንያ ኤሲ ይመልሳል። መንዛሪው ኮሚሽን እንደሚይዝ ሁሉ እዚህም ብክነት አለ። ብልጫው ግን ጣቢያው በእያንዳንዱ ጫፍ የሚያስቀረው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የንግድ መስመር በስዊድን ከዋናው ምድር ወደ ጎትላንድ ደሴት በባሕር ሥር ተዘርግቶ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ አቅሙ 20 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙያው እየሰፋ ሄዶ የሶዶው መስመር የዚያን 100 እጥፍ ለመሸከም ታስቦ ተሠርቷል።

በግቢው ውስጥ ምን አለ?

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግቢው የብረትና የሸክላ ጫካ ይመስላል። እያንዳንዱ ዕቃ ግን የራሱ ሥራና የራሱ ጠባቂ አለው።

መጀመሪያ የሚገኙት የኮንቨርተር ትራንስፎርመሮች ናቸው። ከ400 ኪሎ ቮልቱ መስመር የመጣውን ኃይል ለምንዛሪ በሚመች ቮልቴጅ አዘጋጅተው ያቀርባሉ። በውስጣቸው ብዙ ዘይት ስላለ መሐንዲሱ በየጊዜው ናሙና እየወሰደ በላቦራቶሪ ያስመረምራል። በዘይቱ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ከበዛ ከውስጥ የሚቃጠል ወይም የሚያፈተልክ ነገር እንዳለ ያሳብቃል። ሐኪም ደም መርምሮ በሽታ እንደሚያውቅ ማለት ነው። ምልክቱን ንቆ ያለፈ ሰው አንድ ቀን ትራንስፎርመሩን ያጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በመርከብና በከባድ ተጎታች ተጭኖ እስኪደርስ ብዙ ወራት ይጠይቃል።

የጣቢያው ልብ የቫልቭ አዳራሽ ነው። በዚህ ታላቅ ዝግ አዳራሽ ውስጥ ታይሪስተር የሚባሉ የሲሊከን ቁርጥራጮች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ታይሪስተር ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር ነው። ትእዛዝ ሲደርሰው ይከፈታል፤ የሚያልፍበት ኃይል ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። በሩን በትክክለኛው ቅጽበት በመክፈት፣ ወዲያና ወዲህ የሚለው ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። አንዱ ታይሪስተር የሚችለው ጥቂት ሺህ ቮልት ስለሆነ ለ500 ሺህ ቮልት ብዙዎቹ ተቀጣጥለው ይሠራሉ። ከሚያስፈልገው በላይ ትርፍ ስለሚጨመርም፣ አንዱ ቢበላሽ ሥራው ሳይቆም እስከሚቀጥለው የጥገና ቀን ይደረሳል።

ከአዳራሹ የሚወጣው ኃይል ገና አልጠራም። በሴኮንድ 600 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ ይቀርበታል። ሪአክተር የሚባለው ግዙፍ ጥቅል ሽቦና አጠገቡ ያሉት ማጣሪያዎች ይህን ያለሰልሱታል። በኤሲው በኩልም ሌላ ማጣሪያ አለ። እርሱ ከሌለ ምንዛሪው የሚፈጥረው ቆሻሻ ሞገድ ወደ አገሪቱ መረብ ተመልሶ የሌላውን ደንበኛ ሞተርና ኮምፒዩተር ያውካል።

ማጣሪያዎቹ ሁለተኛ ሥራም አላቸው። ኮንቨርተሩ ከሚያስተላልፈው ኃይል በተጨማሪ የዚያኑ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ለራሱ ማንቀሳቀሻ የሚፈልገው፣ ነገር ግን የማይሸጥ ኃይል አለ። ጆንያ ለብቻው አይሸጥም፤ ያለ ጆንያ ግን እህል አይጫንም። ይህን የማይሸጥ ኃይል ከማጣሪያዎቹ ካፓሲተሮች ማቅረብ፣ ጭነቱ ሲጨምር መጨመር፣ ሲቀንስ መቀነስ የመሐንዲሱና የኮምፒዩተሩ የዘወትር ተግባር ነው።

በመጨረሻም ውሃ አለ። ታይሪስተሮቹ ሲሠሩ ስለሚግሉ በመካከላቸው ውሃ ይዘዋወራል። ውሃው ግን የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ጨውና ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት ነው። ንጽሕናው ያለማቋረጥ ይለካል፤ ጥቂት ቢጎድል ደወል ይጮኻል፤ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ጣቢያው ራሱን ይዘጋል። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ ፓምፕና ቧንቧ የሚያውቅ ሜካኒካል መሐንዲስ ከኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ያነሰ ዋጋ የለውም።

የሶዶ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከላከል አቅሙ ያንሳል። በዚህ የተነሳ በባሕር ዳርቻ የሚበቃ ክፍተት በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አይበቃም፤ ዕቃው ሲነደፍ ገና ከመሠረቱ ርቀቱ እንዲሰፋ ይደረጋል።

የመሐንዲሱ ውሎ

እንዲህ ያለ ጣቢያ ለ24 ሰዓት በፈረቃ ይጠበቃል። ተረኛው መጀመሪያ የሚያየው የዕለቱን የሽያጭ መርሐ ግብር ነው። በየትኛው ሰዓት ስንት ሜጋ ዋት እንደሚላክ አስቀድሞ በሻጭና በገዥ መካከል ይወሰናል። እርሱም አዲስ አበባ ካለው የብሔራዊ ኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከልና ከወዲያ ማዶ ካሉት የሙያ ጓደኞቹ ጋር እየተነጋገረ ይህንኑ ይፈጽማል። የሚያዝዘው ስንት ሜጋ ዋት እንደሚላክ ነው፤ በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ኮምፒዩተር ነው። የአንድ በር አከፋፈት ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን የሚላከው መጠን ይለወጣልና፣ በሰው እጅ የሚሠራ አይደለም።

ታዲያ ሰውየው ምን ይሠራል? ኮምፒዩተሩ ያላሰበውን ያስባል። አንድ ሙቀት ከትናንቱ በሁለት ዲግሪ ለምን እንደ ጨመረ፣ አንድ ፓምፕ ለምን ድምፁን እንደ ለወጠ፣ ደመና በየት በኩል እንደ ከበደ ይከታተላል። በመስመሩ ላይ መብረቅ ሲወድቅ መቆጣጠሪያው በሴኮንድ ክፍልፋይ ኃይሉን ያወርዳል፤ እሳቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ እንደገና ይሞክራል። ካልተሳካ ጉዳቱ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ከሞገዱ የመድረሻ ጊዜ ይሰላል። ለጠጋኙ ቡድንም ቁጥሩ ይነገረዋል። 1,045 ኪሎ ሜትር በእግር ከመፈለግ የሚያድነው ይህ ሒሳብ ነው።

ጥገና ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። መስመሩ ሁለት ዋልታ አለው፤ አንዱ ፕላስ 500፣ ሌላው ማይነስ 500 ኪሎ ቮልት። አንዱ ሲዘጋ ሌላው እስከ ግማሽ አቅም ድረስ ሊሠራ ስለሚችል ጥገናው ተራ በተራ ሊካሄድ ይችላል። ሰው ወደ ቫልቭ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ማብሪያው ይቋረጣል፤ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ይረጋገጣል፤ ዕቃው ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ ቁልፉም ተቆልፎ ምልክት ይንጠለጠልበታል። ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ውስጡ ስለሚያስቀር፣ እስኪራገፍ ሳይጠብቅ የነካው ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። በዚህ ሙያ ጎበዝ የሚባለው ደፋሩ አይደለም። በየቀኑ ያንኑ ዝርዝር ከአንድ እስከ መጨረሻ ሳይሰለች የሚያነበው ነው።

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም ምን ሆነ?

የዚህ ሥራ ክብደት በግልጽ ከታየባቸው ቀኖች አንዱ ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። የኬንያ ኢነርጂ ሚኒስትር እንዳስታወቁት፣ በዚያ ቀን ከጧቱ 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ይዞ ይመጣ የነበረ የ220 ኪሎ ቮልት መስመር ሱስዋ ላይ ተቋረጠ። ይህን ተከትሎ 200 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ ኬንያ መስመርም ወጣ። ባንድ ጊዜ 488 ሜጋ ዋት፣ ማለትም በዚያ ሰዓት ኬንያ ከምትፈልገው ኃይል 27.3 በመቶው ጠፋ። ብዙው የአገሪቱ ክፍልም መብራት አልባ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የዲሲው መስመር ብቻውን የሚቆም አለመሆኑ ነው። የታይሪስተር ኮንቨርተር በሮቹን በሥርዓት ለመዝጋት በመድረሻው በኩል ያለውን የኤሲ መረብ ጥንካሬ ይደገፋል። መረቡ ድንገት ሲናጋ ምንዛሪው ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን የገዥው ቤት መዋዠቅ ሽያጩን ያስቆማል።

ሁለተኛው ከሻጩ በኩል ያለው ነው። ለውጭ ይሄድ የነበረው 200 ሜጋ ዋት ባንድ አፍታ ገዥ ሲያጣ በኢትዮጵያ በኩል ትርፍ ይሆናል። ሸክም የቀለላቸው ተርባይኖች መፍጠን ይጀምራሉ፤ 50 የነበረው ምልልስም ከልኩ ያልፋል። ማመንጫዎቹ ውሃቸውን በሴኮንዶች ውስጥ ካልቀነሱ ችግሩ ወደ አገር ውስጥ ይዛመታል። የዲሲው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የኬንያ መረብ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው የገዥው መጥፋት ብቻ ነው። እርሱንም መቋቋም የመሐንዲሶቹ አስቀድሞ የታሰበበት የዝግጅት ሥራ ነው።

አንድ ሰዓት ስንት ያወጣል?

ሒሳቡን ነጋዴ ራሱ ሊሠራው ይችላል። 200 ሜጋ ዋት ለአንድ ሰዓት ሲላክ 200,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በ6.5 ሳንቲም ሲባዛ 13,000 ዶላር ነው። በቀን 312,000 ዶላር፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢላክ ደግሞ 113.88 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። መጠኑ 400 ሜጋ ዋት ሲሆን ሁሉም በሁለት ይባዛል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ይታይ። በዓመት ውስጥ ካሉት 8,760 ሰዓቶች ጣቢያው ወይም መስመሩ አንድ በመቶውን ብቻ ቢቆም 87.6 ሰዓት ነው። በ200 ሜጋ ዋት ሲሰላ 1,138,800 ዶላር፣ በ400 ሜጋ ዋት ሲሰላ 2,277,600 ዶላር የሚያወጣ ሸቀጥ ሳይላክ ይቀራል። የመጨረሻው ክፍያ የውሉን ዝርዝርና የቆጣሪውን ንባብ የሚከተል ቢሆንም፣ የሒሳቡ አቅጣጫ አይለወጥም። አንድ በመቶ ማለት ከአራት ቀን የማይሞላ ነው። የአንድ ፓምፕ መለዋወጫ በመጋዘን አለመኖር፣ የአንድ የዘይት ምርመራ መዘግየት፣ የአንድ ቡድን በሥልጠና ማነስ ይህን ያህል ሰዓት ሊበላ ይችላል። የጥገና በጀት ሲቀነስ የተቆጠበ የሚመስለው ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ እዚህ ላይ ይታያል።

መስመሩ በላያችን አልፎ እኛ ለምን እንጨልማለን?

ይህ ጥያቄ በሶዶም፣ በቦዲቲም፣ በአረካም የወፍጮና የእንጨት ሥራ ባለቤቶች ዘንድ የሚነሳ፣ የሚያስገርምም ያልሆነ ጥያቄ ነው። መልሱ ከመሣሪያው ጠባይ ይጀምራል። ከ500 ኪሎ ቮልት የዲሲ መስመር ላይ በመንገድ ዳር ቀንጥቦ መውሰድ አይቻልም። ለአንዲት ከተማ ለመቀንጠብ ሌላ ኮንቨርተር ጣቢያ መሥራት ግድ ይሆናል፤ ይህም ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ነው። አውሮፕላን በከተማ ላይ ስላለፈ ተሳፋሪ አያወርድም።

የከተማው ኃይል የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ከትልቁ የኤሲ መስመር በማከፋፈያ ጣቢያ እየወረደ፣ በ33 እና በ15 ኪሎ ቮልት ተዘርግቶ፣ በየመንደሩ ትራንስፎርመር 380 እና 220 ቮልት ሆኖ ይደርሳል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ፣ ማመንጨትና ከፍተኛ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈልና መሸጥ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆኗል። ወፍጮ የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ የማከፋፈያው ክፍል ድክመት ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ያረጀ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ይህን ያደርጋሉ። ወደ ኬንያ የሚሄደውን ማቆም እነዚህን አይጠግንም።

ሆኖም ጥያቄው በዚህ አይዘጋም። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ሕንፃና ፋብሪካ እየጨመረች ነው። ከበሯ ላይ በሚላክ ኃይል የሚገኘው ዶላር ለማከፋፈያው ሽቦና ትራንስፎርመር መግዣ እንዲውል መጠየቅ የከተማው ነጋዴ መብት ነው። ይህን ሲጠይቅ ግን ትክክለኛውን በር ማንኳኳት አለበት። የኮንቨርተሩ መሐንዲስ መልስ የለውም፤ ያለው በጀት የሚደለድለው አካል ነው።

የሞዛምቢክ ትምህርት

በአፍሪካ ከሶዶው በፊት የነበረ ታላቅ ምሳሌ አለ። ሞዛምቢክ ውስጥ ከካሆራ ባሳ ግድብ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የዲሲ መስመር 1,420 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1,920 ሜጋ ዋት አቅም አለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ቢጀምርም፣ በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ምሰሶዎቹ በብዛት ስለ ተጣሉ ከአሥር ዓመት በላይ ሽያጩ ተቋርጦ ኖሯል። ግድቡ በቦታው ነበር፤ ውሃውም ሞልቶ ነበር፤ ገዥም አልጠፋም። መካከል ያለው መንገድ ስለ ጠፋ ግን ሸቀጡ ገንዘብ አልሆነም።

ስለዚህ የኃይል ንግድ ሦስት እግር አለው፤ ማመንጫ፣ መስመርና ምንዛሪ። አንዱ ከተሰበረ ሌሎቹ አይቆሙም። በእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር የሚኖረው ገበሬ ምሰሶውን የእኔ ነው ብሎ የሚጠብቅበት ምክንያት ማግኘቱም ከምሕንድስናው የማይለይ የንግድ ጉዳይ ነው።

ባለሙያው ከየት ይመጣል?

የኮንቨርተር ጣቢያ መሐንዲስ ለመሆን መነሻው የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ የከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ፣ የመከላከያ ሪሌና የኮምፒዩተር ቁጥጥር ዕውቀት ይጨመርበታል። ቀሪውን ከመሣሪያው አምራች ሥልጠናና ከረጅም ጊዜ ልምድ ያገኛል። በ1999 ዓ.ም የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ያስተምራል። ተማሪ በመጽሐፍ የሚያነበውን ታይሪስተር በዚያችው ከተማ ሲሠራ ማግኘቱ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙም የማይገኝ ዕድል ነው።

አደጋው ሌላ ነው። ሙያው ጥቂት ሰው ያለው ስለሆነ የሠለጠነው በውጭ አገር ተፈላጊ ይሆናል። አሥር ዓመት የለመደ ሰው ሲሄድ ልምዱን ይዞ ነው የሚሄደው። አዲስ ተቀጣሪ መተካት ይቻላል፤ የአንድን ፓምፕ የድምፅ ለውጥ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ግን ወዲያው አይተካም። ከላይ የታየው የአንድ በመቶ ሒሳብ እዚህም ይሠራል። ባለሙያን ለማቆየት የሚወጣው ደመወዝና መኖሪያ ቤት ከሚጠፋው ሰዓት ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት።

ገበያውም እየሰፋ ነው። የኬንያና የታንዛኒያ መረቦች በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ተገናኝተዋል። በመሆኑም ከሶዶ የሚወጣ ኃይል ከኬንያ አልፎ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቷል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለመሸከም የተሠራ መስመር 400 ብቻ ሲይዝ አንድ አምስተኛው ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ቀሪው ቦታ ገዥ ይጠብቃል።

በኃይል ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል ወይም በአቅራቢነት ለመሳተፍ የሚያስብ ባለሀብት ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ ዜና ሲሰማ፣ ግድቡ ስንት ሜጋ ዋት ያመነጫል ከሚለው ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ቢጨምር ይጠቀማል። መስመሩና ጣቢያው ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት ቆሙ? ዋና ዋናዎቹ መለዋወጫዎች በአገር ውስጥ መጋዘን አሉ ወይስ ሲበላሹ ይታዘዛሉ? ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱት መሐንዲሶች ስንት ዓመት ቆይተዋል? የሦስቱ መልስ ከተገኘ ሽያጩ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ዶላር ሊያስገባ እንደሚችል ለመገመት ከግድቡ ከፍታ ይልቅ የተሻለ መለኪያ ይሆናል።